«ማን አልከፈለም?» እና «ለምን አልከፈለም?»



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የተጀመረው ካመለጠኝ አንድ ጀናዛ ነው። የካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩ አባት አንድ ማለዳ ወደ አኼራ ሄዱ። ዝሁር ላይ ተሰገደባቸው፤ ኮልፌም ተቀበሩ። እኔ ወሬውን የሰማሁት ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ ሱቃቸው በር ላይ ያደግሁባቸው፣ አባቴ የሞተ ዕለት ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙልኝ ሰው ናቸው። እኔ ግን አንድ እፍኝ አፈር እንኳ ላለብሳቸው አልታደልሁም።

ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካሉት ሐቆች አንዱ ጀናዛውን መሸኘት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጀናዛ ላይ የሰገደ አንድ ቂራጥ፣ እስኪቀበር የቆየ ደግሞ ሁለት ቂራጥ ምንዳ እንዳለው፣ መጠኑም የትልቅ ተራራ ያህል እንደሆነ ነግረውናል። እኔን ከዚያ ምንዳ ያስቀረኝ ስንፍና ወይም ጥላቻ አይደለም። ርቀት ነው።

እንደሚታወቀው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲነሳ፣ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሄደ። ከፊሉ ገላን ጉራ ገባ፤ ከፊሉ በኪራይ ቤት ተበተነ፤ ጥቂቱ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠጋ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ምሕጻረ ቃል ነው፤ «ካሳ ኢንቺስ» ይባል ነበር። በኋላ የአፍሪካ አዳራሽ ተሠርቶ የአህጉሩ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚሁ አካባቢ ነው። እኛ ነዋሪዎቹ ግን ሰፈሩን የምናውቀው በመሪዎች ጉባኤ አይደለም፤ በጎረቤት ነው። ከኢሲኤ ጀርባ እስከ መናኸሪያ ድረስ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈን ስንኖር፣ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋ ነበር። ጡሩምባው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይነፋል። ጡሩምባ ባይነፋ እንኳ የለቅሶው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ዛሬ ግድግዳውም የለም፤ ጡሩምባውም ገላን ጉራ ድረስ አይሰማም።

በመሆኑም የሰፈራችን ሙስሊሞች እድር ሲሰበሰብ፣ «አንተ የተማርህ ነህና አንድ ነገር ፍጠርልን» ተባልሁ። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን በዚህ ዘመን ይህ ሰበብ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በዝተዋል፤ የሚፈልጉትን በተራ ቋንቋ ቢነግሯቸው ፕሮግራሙን ራሳቸው ይጽፋሉ። እኔም አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ተቀምጬ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀልሁ ችግራችንን አስረዳሁት። ለሱብሒ አዛን ሲደረግ የእድራችን አፕ በስልኬ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ሰው ሲሞት ኃላፊው ስሙን፣ የሚሰገድበትን መስጊድና ሰዓቱን ይጽፋል፤ የአባላቱ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮሃል። ሱብሓነላህ! በጡሩምባ ፋንታ መሆኑ ነው።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በዚህ ደስ መሰኘቴ ነውር አይደለም። የዕለት ተዕለት ችግርን ወደ ሥርዓት መለወጥ ከእኛ ታሪክ ውጭ የመጣ ባዕድ ነገርም አይደለም። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራበት ስልት «አልጎሪዝም» መባሉ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይኖር ከነበረው ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም የተወሰደ ነው። ይህ ሊቅ የአል-ጀብርን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በክፍፍል፣ በክርክር፣ በንግድና በመሬት ልኬት የሚገጥማቸውን ችግር ለማቃለል እንዳሰበ በመግቢያው ገልጿል። ከመጽሐፉ ትልቁን ክፍል የያዘውም የኑዛዜና የውርስ ስሌት ነው። ወንድማማቾች በአባታቸው ንብረት እንዳይጣሉ ማለት ነው። በሀገራችንም ሳምራዊት ፍቅሩ ማታ ከሥራ ወጥታ ታክሲ የማግኘት ችግርና የዋጋው ክርክር ቢያስቸግራት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባቋቋመችው ሃይብሪድ ዲዛይንስ አማካይነት ራይድን ለከተማችን አበርክታለች። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያና የዓመታት ድካም ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ሐሳቡ ብቻ ካለ፣ የመጀመሪያው ቅርጽ በአንድ ሌሊት ይወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ወጣቱን ወደዚሁ መንገድ እየጠራው ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው?

ችግሩ እኔ አንድ ሌሊት አልበቃኝ ማለቱ ነው። ጡሩምባው ከተሳካ ወርሐዊ መዋጮውስ ለምን አይጨመርም? አልሁ። አባላት ተበትነዋልና እየዞሩ መሰብሰብ አስቸግሯል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየሰዉ እጅ ገብቷል። የአባላቱን ስምና ስልክ ቁጥር፣ የከፈሉትንና የቀረባቸውን ከመዝገቡ ገልብጬ ለመሣሪያው ሰጠሁት። «አባላት በወቅቱ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ነገር ሥራልኝ» አልሁት። ሠራልኝ። የከፈለው ስም በአረንጓዴ፣ ያልከፈለው በቀይ፣ ሁለት ወር ያለፈው ደግሞ ከዝርዝሩ ራስ ላይ። ለሁሉም አባል የሚታይ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ውዝፉ ከሞላ ጎደል ተከፈለ። ኮሚቴው አመሰገነኝ። እኔም ራሴን አመሰገንሁ።

ከቀዮቹ ስሞች አንዱ የአንዲት እናት ነበር። ካዛንቺስ ሳሉ ባለቤታቸውን የቀበሩ፣ በሰፈሩ ላሉ ቡና ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች እንጀራ እያቀረቡ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ሲነሱ ደንበኞቻቸውም አብረው ተነሡ። እሳቸውም ከፍለው ስማቸው አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ግን በእድሩ ስብሰባ አልታዩም። ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያው በሄድሁበት ቀን ቤታቸው ጎራ አልሁ። ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስለ እድሩ ሳነሳባቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ምንም አይደል ልጄ። ልጄ ስልኩን አሳየኝ፤ ስሜ ቀልቶ። ከጎረቤት ተበድሬ በማግሥቱ ከፈልሁ። አዲስ ሰፈር ነው፤ ሰው ገና አያውቀኝም። በዕዳ እንዲያውቀኝ አልፈለግሁም።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የእድርን ዕዳ ለመክፈል ሌላ ዕዳ ገቡ ማለት ነው። እድር የተቋቋመው የተቸገረን ለመደገፍ ነው፤ እኔ ግን የተቸገረ እድሩን እንዲደግፍ የሚያደርግ መሣሪያ ሠርቻለሁ።

በዚያው ሳምንት ለብዙ ዓመታት የእድሩን ሒሳብ ወደያዙት ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። የድሮውን መዝገብ አወጡልኝ። ቅጠሉ የቀለጠ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ደብተር ነው። ስገልጠው በአንዳንድ ስሞች ትይዩ «ከፍሏል» የሚልም «አልከፈለም» የሚልም የለም፤ ባዶ ነው። አፑን ስሠራ እነዚህን ባዶ ቦታዎች ሁሉ «አልከፈለም» ብዬ ነበር የገለበጥኋቸው።

«ሐጂ፣ እነዚህን ሳይሞሏቸው ረስተዋቸው ነው?» አልኋቸው።

«አልረሳኋቸውም ልጄ። ሰትር ነው» አሉኝ። «የዚያን ወር ማን እንደጎደለበት አውቃለሁ። ካለው ላይ አንዱ ይጨምርልኛል፤ ስም አይጠይቀኝም፤ እኔም አልነግረውም። ሲመቻቸው ይከፍላሉ። ያልመቻቸው ይቀራል።»

ውድ አንባብያን! እኔ ባዶ ቦታውን እንደ ጉድለት ቆጥሬ ሞላሁት። ሐጂው ግን ሆን ብለው የተዉት ነበር። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ፣ አላህ በዱንያም በአኼራም ይሸፍንለታል የሚለውን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ደብተር ላይ ጽፈውት ኖረዋል፤ ባለመጻፍ።

እዚህ ላይ «ታዲያ መዝገብ ይቅር ልትለን ነው? ይህ ለአድልዎና ለሌብነት በር አይከፍትምን?» የሚል ወገን ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በዋዛ የሚታለፍም አይደለም። በሀገራችን የእድርና የማኅበር ገንዘብ በአንድ ሰው ደብተርና በአንድ ሰው ህሊና ላይ ተንጠልጥሎ ሲባክን ታይቷል። ሁሉም ሒሳብ ያዥ እንደ ሐጂው አይደለም። ባዶ ቦታ ለአንዱ ሰትር፣ ለሌላው የዘመድ ውለታ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳንሰለች ታዘናል። ስለዚህ መዝገብን የጠላ ከዚህ አንቀጽ ጋር ነው የሚጋጨው።

ነገር ግን አንቀጹን እንደገና ረጋ ብዬ ሳነበው ከዚህ በፊት ያላስተዋልሁትን አየሁ። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ ታዟል። የሚያስጽፈው ማነው? አበዳሪው ነውን? አይደለም፤ ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው ነው። እርሱ ደካማ ከሆነ ወይም ማስጻፍ ካልቻለ ወኪሉ በፍትሕ ያስጽፍለታል። ጸሐፊም ምስክርም እንዳይጎዱ ተደንግጓል። ሁለት አንቀጽ ብቻ ወደ ኋላ ብንመለስ ደግሞ፣ በ280ኛው፣ ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪመቸው ድረስ መታገስ እንደሚገባ፣ ምሕረት ማድረግም የበለጠ እንደሆነ እናገኛለን። አላህ (ሱ.ወ.) ዕዳን መጻፍን ያዘዘው ለተቸገረ መታገስን ካዘዘ በኋላ ነው። እኔ የኋለኛውን ይዤ የፊተኛውን ጣልሁ። በአፔ ውስጥ ዕዳ ያለበት ሰው ቃሉን የሚያስጽፍበት ቦታ አልነበረም። ስለ እርሱ ይጻፋል እንጂ እርሱ አይናገርም።

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው እንዳልል ደግሞ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር አሠራሩ ሲታይ፣ ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ፣ ለተጠየቀው የሚስማማውን ቀጣይ ቃል የሚገምት ነው። «በወቅቱ እንዲከፍሉ አድርግልኝ» ስለው፣ ዓለም ገንዘብ ለመሰብሰብ ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች የተለመዱትን አመጣልኝ፤ ማስታወሻ፣ ደረጃ፣ ቀይ ቀለም። «የሚከፍሉት ጠፍቷቸው ቢሆንስ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። የእኔ ጥያቄ «ማን አልከፈለም?» ነበር፤ የሐጂው ጥያቄ ደግሞ «ለምን አልከፈለም?» ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማሽን በቅጽበት ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ለመመለስ ግን ቤት ሄዶ ቡና መጠጣት ያስፈልጋል።

ለመሆኑ አንድን ነገር «ችግር ነው» የሚለው ማነው? ዋናው የሥነ ምግባር ጥያቄ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሥራ ሁሉ በኒያው ነው የሚለውን ሐዲስ ስንሰማ ብዙ ጊዜ የምናስበው ስለ ሶላትና ጾም ነው። አፕ የሚሠራ ወጣትም ግን ኒያ አለው፤ ኒያውም የሚታየው ችግሩን በሚገልጽባት በመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ውዝፍ በዛ» ብሎ የጀመረ የሚደርሰው ከሰብሳቢው ዘንድ ነው። «የተቸገሩ አባላት በዙ» ብሎ የጀመረ ደግሞ ከተቸገረው ዘንድ ይደርሳል። መዝገቡ አንድ ነው፤ ቁጥሩም አንድ ነው። የሚለያየው ጠያቂው የቆመበት ቦታ ነው።

ሌላም አማና አለ። የአባላቱን ስምና ስልክ ለመሣሪያው ስሰጥ ማንንም አላስፈቀድሁም። ያ ዝርዝር ባሕር ማዶ ባለ የማላውቀው ኮምፒዩተር ላይ አረፈ። ሀገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የሰው መረጃ እንደ ተራ ወረቀት የሚበተን አይደለም። ሕጉ ባይኖር እንኳ ለሙስሊም አማና አማና ነው። ጎረቤት ጓዳውን ያሳየን አምኖን ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሣ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰው ነበር። እኔ ያንን ጎረቤት ሳልጠይቀው አሳልፌ ሰጠሁት።

ከኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) የምንማረው አለ። ዲዋንን፣ ማለትም የሕዝቡን ስምና ድርሻ የሚይዘውን መዝገብ ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። መዝገብ የሚንቅ ሰው አልነበሩም ማለት ነው። እኒሁ ዑመር ግን ሌሊት ከተማውን ሲዞሩ፣ ልጆቿ በረሃብ የሚያለቅሱባትን ሴት አግኝተው፣ ዱቄቱን በራሳቸው ጀርባ ተሸክመው እንደወሰዱላት፣ አገልጋያቸው ልሸከምልዎ ቢላቸውም የቂያማ ቀን ሸክሜን አንተ አትሸከምልኝም በሚል መንፈስ እንደመለሱለት ይተረካል። መዝገብ ያለው መሪ በእግሩ መሄድ አልተወም። ስሟ በመዝገብ ኖረም አልኖረ፣ ረሃቧን ያወቁት በእግራቸው ነው። እኛስ አፕ ስላለን መሄድ እንተው ዘንድ ይገባናልን?

ወደ እድራችን ልመለስ። ከሐጂውና ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠን የሚከተለውን ወሰንን። የጀናዛው ጥሪ እንዳለ ይቀጥላል፤ እርሱ ኸይር ነው። ስማርት ስልክ ለሌላቸው አዛውንት ሁለት ወጣቶች እየደወሉ ይነግራሉ። የመዋጮው ዝርዝር ከአባላቱ ሁሉ ዐይን ወጣ፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ያያል። ሙሉውን የሚያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አድልዎ እንዳይኖር አንዱ በየዓመቱ ይለወጣል። ቀይ ቀለም ጠፋ። በምትኩ አባሉ ራሱ የሚጽፍበት አንድ ቦታ ተከፈተ፤ «በዚህ ወር አልተመቸኝም» ካለ በቂ ነው፤ ምክንያት አይጠየቅም። የአባላቱን ዝርዝርም ከዚያ መሣሪያ ላይ አጠፋሁ፤ እያንዳንዱንም ይቅርታ ጠየቅሁ።

ይህን ስናደርግ ውዝፉ እንደገና ከፍ ብሏል። ይህን አልደብቅም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ቀዩ ይመለስ፤ እድሩ ሳይፈርስ» ይላሉ። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ የፈረሰ እድር ማንንም አይሸፍንም። ለዚህ ክፍተት እስካሁን ያገኘነው መልስ የድሮው የሐጂው መልስ ነው። የተመቸው ከመዋጮው በላይ ይጨምራል፤ ለማን እንደዋለ አይጠይቅም። በዚህ ወር አምስት ሰዎች ጨምረዋል። ይበቃ እንደሆነ ወደፊት እናየዋለን።

እኒያ እናት ግን እስካሁን ወደ ስብሰባው አልተመለሱም። የተበደሩትን ልክፈልልዎ ብላቸውም «ተከፍሏል» አሉኝ። መሣሪያ የሰበረውን መሣሪያ አይጠግነውም። እኔም በየጊዜው እየሄድሁ ቡናቸውን እጠጣለሁ።

ወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ! በቂርቆስም፣ በገላን ጉራም፣ በየትም ያላችሁ፣ ተማሩ፤ ሥሩ። የኪራይ ቤት ፍለጋውን፣ የውኃ ተራውን፣ የዘካ አሰባሰቡን፣ የታማሚ ጥየቃውን የሚያቃልል ነገር በእጃችሁ ነው፤ ለዚህም አጅር አለው። ነገር ግን ለማሽኑ ከመናገራችሁ በፊት ችግሩ ያለበትን ሰው ሄዳችሁ ስሙ። እርሱ ያስጽፍ፤ እናንተ ጻፉ። ባዶ ቦታ ስታገኙም ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ሆን ብሎ የተወው ሰው ሊኖር ይችላልና።

አላህ (ሱ.ወ.) ነውራችንን ይሸፍንልን፤ እውቀታችንን ለጎረቤቶቻችን ሐቅ መጠበቂያ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።